ልዩ ልዩ ገቢ

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል። ቡና የምታፈሉ አፍሉ፤ ባቡር ላይ ያላችሁ ደግሞ መውረጃችሁ እንዳያልፋችሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ልጄ አንድ ወረቀት አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። 15 ዓመቱ ነው። እዚሁ እንግሊዝ ነው የተወለደው፤ በቁመት ከበለጠኝ ቆየ፤ በትከሻማ ባናወራ ይሻላል። ወረቀቱ የአንድ ፕሮፌሽናል ራግቢ ክለብ የታዳጊዎች ማሰልጠኛ የላከው ግብዣ ነው። ከታች «የወላጅ ፊርማ» የሚል መስመር አለው።

«አባዬ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው» አለና እስክርቢቶ አቀበለኝ።

እስክርቢቶውን ተቀበልኩ። አልፈረምኩም።

ለምን እንዳልፈረምኩ ለመንገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎቼ እንደምታስታውሱት እኔ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ አስተማሪ ነበርኩ። «ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ» እያልኩ ያደነቆርኳችሁ ሰውዬ ነኝ። አብዛኞቻችሁ የማታውቁት ግን በዚያው ዘመን በትርፍ ሰዓቴ የአንድ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ሒሳብ እሠራ ነበር። የከተማውንም የክለቡንም ስም አልጠራም።

አንድ ዓመት በጀት ስናዘጋጅ ወጪው ከገቢው በጣም በለጠ። አዳዲስ ተጫዋቾች መጥተው ነበር፤ የፊርማ ገንዘብ፣ ደመወዝ፣ የጉዞ አበል። ስብሰባው ረዘመ። በመጨረሻ በገቢው በኩል «ልዩ ልዩ ገቢ» የሚል አንድ መስመር ተጨመረና ልዩነቱን ልክክ አድርጎ የሚሞላ ቁጥር ተጻፈበት። «ይሄ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ባለሀብቶች ቃል ገብተዋል» ተባልኩ። ሁለቱ ዓምዶች እኩል መጡ። እኔም ፈረምኩ።

በአምስተኛው ወር ደመወዝ ቆመ። አንድ ማታ የግራ ተከላካያችን ቢሮ መጣ። እናቱ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። «ቲቸር፣ ግማሹን እንኳ» አለኝ። ካዝናው ውስጥ የነበረው ደረሰኝ ብቻ ነው። ከኪሴ 300 ብር ሰጥቼ ሸኘሁት። ያ ልጅ ውል ሲፈርም ያመነው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነበር።

ስለዚህ አሁን ልጄ ወረቀት ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ጎበዝ ነህ ወይ?» አይደለም። ጎበዝነቱን አይቻለሁ። የጠየቅሁት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ነው።

ራግቢን ለማታውቁት ባጭሩ፦ እንቁላል የሚመስል ኳስ፣ በየወገኑ 15 ሰው፣ ኳሱን ይዘህ ወደ ፊት ትሮጣለህ፤ በእጅህ ማቀበል የምትችለው ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። የሚያስቆምህ ሰው በሙሉ ክብደቱ ይመጣብሃል። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየች ቀን «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ጠብ?» ብላ ነበር።

ጨዋታው ከገንዘብ ጋር ያለው ጠብ ግን ከሜዳው ይብሳል። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ሠራተኛ ተጫዋቾቻቸው ለጨዋታ ብለው ከሥራ ሲቀሩ የሚያጡት የቀን ደመወዝ ይካካስላቸው ብለው ጠየቁ። የዋናው ማኅበር ሰዎች እምቢ አሉ። በ1895 ሰሜኖቹ ሃደርስፊልድ ከተማ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ተገነጠሉ፤ ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው የተለየ ጨዋታ የዚያ ጠብ ልጅ ነው። በቀረው ወገን፣ በራግቢ ዩኒየን ማለቴ ነው፣ ለተጫዋች በግልጽ መክፈል የተፈቀደው ከ100 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1995 ነው። እግር ኳሱ ያኔ መቶ ዓመት ቀድሞታል። ስለዚህ ልጄ ሊገባበት የፈለገው ሙያ ከኔ ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው።

እዚህ አገር አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የኩባንያዎች ዓመታዊ ሒሳብ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ማንም ሰው በኢንተርኔት፣ በነፃ ያነበዋል። ክለቦቹም ኩባንያ ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ይሄን ሳነብ አመሸሁ። ባለቤቴ «ሌላው ሰው ፊልም ያያል» አለችኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ያን የድሮ መስመር አገኘሁት። ስሙ ተቀይሯል እንጂ እሱው ነው። እዚህ «የባለቤቱ ድጋፍ እንደሚቀጥል በመተማመን» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ብዙዎቹ ክለቦች ከዓመት ዓመት ይከስራሉ። የቲኬት፣ የስፖንሰርና የቴሌቪዥን ገንዘብ ተደምሮ የተጫዋች ደመወዝና የስታዲየም ወጪ አይሸፍንም። ጉድለቱን የሚሞላው አንድ ሀብታም ሰው ነው። ሰውየው ክለቡን ስለሚወድ ይሞላል። እሱ ቢሰለችስ? ቢታመም? የራሱ ንግድ ቢወድቅስ?

በ2022 መልሱ መጣ። ዋስፕስ የሚባለው ክለብ በ1867 ለንደን የተመሠረተ፣ የአውሮፓን ዋንጫ ሁለት ጊዜ የወሰደ ነው። በ2014 መጨረሻ ወደ ኮቨንትሪ ሄዶ ትልቅ ስታዲየም ገዛ። በዓመቱ በ6.5 በመቶ ወለድ የ35 ሚሊዮን ፓውንድ ቦንድ ሸጠ፤ ከገዢዎቹ መካከል የገዛ ደጋፊዎቹ ነበሩ። የመክፈያው ቀን ግንቦት 2022 ደረሰ፤ ገንዘቡ አልነበረም። በጥቅምት ክለቡ ኪሳራውን አወጀ፤ ተጫዋችና ሠራተኛ ተደምሮ 167 ሰው በአንድ ቀን ከሥራ ወጣ። ከሱ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ዉስተር የሚባለው ክለብ በግብር ዕዳ ተይዞ ወድቆ ነበር፤ የተጫዋቾቹን ውል ያፈረሰው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በሰኔ 2023 ደግሞ ከ1898 ጀምሮ የነበረው ለንደን አይሪሽ ተከተለ። በ13 ክለብ የጀመረው ሊግ በሚቀጥለው ዓመት በ10 ጀመረ።

ከታች ያለው ዲቪዚዮንም አልተረፈም። የጀርሲ ደሴት ክለብ በ2023 የሁለተኛውን ዲቪዚዮን ዋንጫ አንስቶ፣ በዚያው ዓመት በመስከረም ተዘጋ። ዋንጫው ላይ ያለው ሪባን ሳይደበዝዝ ማለት ነው።

«ኮሮና ነው» ትሉኝ ይሆናል። ኮሮና መታቸው፤ እውነት ነው። መንግሥት ያኔ ለክለቦቹ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አበድሯቸዋል፤ ያም ብድር ነውና ተመልሶ የሚከፈል ነው። ግን ከኮሮና በፊት የሆነውን ተመልከቱ። በ2018 መጨረሻ ሲቪሲ የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት የሊጉን 27 በመቶ ድርሻ ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሎ ገዛ። ገንዘቡ ለክለቦቹ ተከፋፈለ። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሚገባው ከእያንዳንዱ 100 ፓውንድ 27ቱ የሌላ ሰው ሆነ። ሰብሉን ማሳ ላይ እያለ የሸጠ ገበሬን አስቡት። ክረምቱን ይሻገርበታል። መኸር ሲመጣ ግን ጎተራው ውስጥ የሚገባው የራሱ ብቻ አይደለም። ያ ገንዘብ ለመስኖ ከዋለ ጥሩ፤ ለድግስ ከዋለ ግን የሚቀጥለው ዓመት ከዘንድሮው ይከፋል።

አሁን ክለቦቹን ከሚያቆሙት ምሰሶዎች አንዱ የእንግሊዝ ራግቢ ፌዴሬሽን ነው። በ2024 በተፈረመ የ8 ዓመት ስምምነት መሠረት በመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት በየዓመቱ 33 ሚሊዮን ፓውንድ ለሊጉ ይሰጣል፤ በምላሹም በብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች አያያዝ ላይ ሥልጣን ያገኛል። ፌዴሬሽኑስ ከየት ያመጣል? በአብዛኛው ከብሔራዊ ቡድኑ ጨዋታ፣ ከዚያ 82 ሺህ ሰው ከሚይዘው የትዊክናም ስታዲየም ነው። የዓለም ዋንጫ ባለበት ዓመት በሜዳው የሚደረጉ ጨዋታዎች ስለሚቀንሱ ገቢው ይወርዳል፤ በ2023–24 የፌዴሬሽኑ የሥራ ኪሳራ ወደ 38 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። እንግዲህ ሊጉ ፌዴሬሽኑን ተደገፈ፣ ፌዴሬሽኑ አንድ ስታዲየምና 15 ልጆች ተደገፈ። የታችኛውን ዲቪዚዮን ድጎማ ደግሞ በ2020 በግማሽ ያህል ቆርጦት ነበር።

ታዲያ ወደፊት ምን ይሁን? እዚህ ያለው ክርክር ሁለት ወገን አለው።

አንደኛው ወገን «በሩን እንዝጋው» ይላል። አሜሪካኖቹ እንደሚያደርጉት፣ በሊጉ ያሉት ክለቦች አይወርዱ፤ አዲስ የሚገባው ደግሞ በነጥብ ሳይሆን በገንዘብ አቅሙና በስታዲየሙ ተመዝኖ ይግባ። ምክንያታቸው አይናቅም። ነገ ሊወርድ የሚችል ክለብ ላይ ማን ገንዘቡን ያፈሳል? በነሐሴ 2025 ሬድ ቡል፣ ያው የመጠጡ ኩባንያ፣ የኒውካስልን ክለብ ሲገዛ «ይኸው፣ መረጋጋት ሲመጣ ገንዘብ ይመጣል» ተብሏል። እውነት አለው።

ግን ይቺን ስሙኝ። በ2023–24 ይኸው ኒውካስል በሊጉ 18 ጨዋታ ተጫውቶ 18ቱንም ተሸነፈ። አልወረደም። በዚያው ዓመት ኢሊንግ የሚባል የምዕራብ ለንደን ክለብ የታችኛውን ዲቪዚዮን በአንደኝነት ጨረሰ። አልወጣም፤ ስታዲየምህ የሊጉን መስፈርት አያሟላም ተባለ። ከሁለት ዓመት በፊትም ያንኑ ዋንጫ ወስዶ ለ10,001 ተመልካች የሚበቃ ቦታ የለህም ተብሎ ተመልሷል። ሜዳ ላይ አሸንፎ በወንበር ቁጥር ተሸነፈ። ልጄን «ጠንክረህ ሥራ፣ ታድጋለህ» እያልኩ አሳድጌ ይሄን እንዴት ነው የማስረዳው?

ሌላው ወገን ፈረንሳይን ያሳያል። እዚያ ሁለት ዲቪዚዮን፣ 30 ፕሮፌሽናል ክለብ አለ። ለላይኛው ሊግ ካናል ፕሉስ የተባለው ጣቢያ ከ2027 ጀምሮ ለ5 የውድድር ዓመት ወደ 700 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተፈራርሟል። ፈረንሳይም ገነት አይደለችም፤ ክለባቸውን ከኪሳቸው የሚደጉሙ ሀብታሞች እዚያም ሞልተዋል። የኔን ቀልብ የሳበው ሌላ ነው፦ የክለቦቹን ሒሳብ የሚመረምር፣ ጥርስ ያለው አካል አላቸው። በጀትህን ያያል፤ ካላመነበት ተጫዋች እንዳታስፈርም ይከለክልሃል፤ ከባሰም ያወርድሃል። ሞንቶባን የሚባል የትንሽ ከተማ ክለብ በ2010 በሜዳ ሽንፈት ሳይሆን በሒሳቡ ምክንያት ከላይኛው ሊግ እስከ አማተሩ ድረስ ወረደ። ከዚያ ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ በ2025 የሁለተኛውን ዲቪዚዮን ዋንጫ አንስቶ ወደ ላይ ተመለሰ። 15 ዓመት ፈጀበት። በሩ ግን አልተቆለፈበትም ነበር።

ይሄን ሳነብ ያ የበጀት ስብሰባ ትዝ አለኝ። ያኔ «ቃል የገባው ባለሀብት ማን ነው? በጽሑፍ ይምጣ፤ ካልመጣ ሁለት ተጫዋች ቀንሱ» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ልጅ ቢሮዬ አይመጣም ነበር። ያ ሰው ደግሞ እኔ መሆን ነበረብኝ።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ (ማንም አልጠየቀኝም፤ ፌስቡክ ላይ ነን!) ሊጉ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው እላለሁ። መጀመሪያ «ልዩ ልዩ ገቢ» ይሰረዝ። የውድድር ዓመቱ ሳይጀመር በእጅ የገባና በውል የታሰረ ገንዘብ ብቻ ገቢ ተብሎ ይቆጠር። የባለቤቱ ፍቅር ገቢ አይደለም። ሁለተኛ፣ የተጫዋቾችና የሠራተኞች የተወሰነ ወር ደመወዝ ማንም በማይነካው የባንክ ሒሳብ ቀድሞ ይቀመጥ፤ አከራይ ከተከራይ የሁለት ወር ቅድሚያ የሚቀበለው ለምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ይሄ ከተሟላ በኋላ በሩ ይከፈት፤ ያሸነፈ ይውጣ። በሩን ዘግቶ ወጪን አለመቆጣጠር ዕዳውን ከውስጥ መቆለፍ ነው።

ጣሪያ አላቸው እኮ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ አሁን መነሻው በክለብ 6.4 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ሳራሰንስ የተባለው ታላቅ ክለብ ጣሪያውን ጥሶ በ2019 ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀጣ፣ ቀጥሎም ወረደ። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ጣሪያ «ከዚህ በላይ አትክፈል» ይላል እንጂ «የሌለህን አትክፈል» አይልም። ሁለቱ ይለያያሉ። የጎረቤቱን ያህል ሠርግ ልደግስ ብሎ ቤቱን ያስያዘ ሰው ጣሪያውን አላለፈም፤ ቤቱ ግን የለም።

ደግሞ ሦስተኛ ወገን መጥቷል፤ ከነባሮቹ ውጭ የራሱን ውድድር ሊያቋቁም ያሰበ። በ2025 አር 360 የሚባል ዕቅድ ለኮከቦቹ ዳጎስ ያለ ደመወዝ ይዞ ቀረበ። ትልልቆቹ ፌዴሬሽኖች «ወደዚያ የሄደ ለብሔራዊ ቡድን አይሰለፍም» አሉ፤ ውድድሩም ወደ 2028 ተራዘመ። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቀር ይሆን ወይስ ይመጣ ይሆን፣ በ2028 እናያለን። ልጄ ያኔ ገና ወጣት ነው። ለዚህ ነው ነገሩ የኔም ጉዳይ የሆነው።

ባለቤቴ ደግሞ የራሷን ጥናት ይዛ መጣች። ስቲቭ ቶምፕሰን የሚባል፣ በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች አለ። በ2020 ዓለም ዋንጫውን ማሸነፉን እንደማያስታውስ ተናገረ፤ በ42 ዓመቱ የመርሳት በሽታ እንዳለበት ተነግሮታል። «ገንዘቡን ተወው፤ ጭንቅላቱስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ገቢ ሲጎድል መጀመሪያ የሚመጣው አሳብ ጨዋታ መጨመር መሆኑን ግን ነገርኳት። ያ ጨዋታ ደግሞ በሰው አካል ነው የሚከፈለው።

ስለ እኛ አገርም አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። የኛ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ስንቱ ክለብ ነው ስሙ ላይ «ከተማ» የሚል ቃል ያለው? ቃሉ ጌጥ አይደለም፤ የገንዘቡ ምንጭ ነው። እዚህ ሀብታሙ ሲሰለች ክለብ ይወድቃል፣ እዚያ የከተማው በጀት ሲጠብ ደመወዝ ይቆማል። የተለየው ኪሱ ነው፤ መስመሩ አንድ ነው።

ባለፈው እሑድ ልጄን አስቀምጬ የግራ ተከላካዩን ታሪክ ነገርኩት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ክፍሉ ገብቶ የጋበዘውን ክለብ ሒሳብ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ አትሞ ይዞ መጣ። አንድ መስመር ላይ በቢጫ ቀለም አስምሮበታል። የባለቤቱ ድጋፍ እንደሚቀጥል የሚለው ነው።

«አባዬ፣ ልዩ ልዩ ገቢ ያልከው ይሄ ነው?»

«እሱው ነው።»

«እሺ። ግን መጫወት እፈልጋለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ፈረምኩ። ስምምነታችን ይሄ ነው፦ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ይቀጥላል፤ ጭንቅላቱን ከተመታ ሐኪሙ እንጂ አሰልጣኙ አይወስንም፤ የክለቡ ሒሳብ በወጣ ቁጥር ሁለታችን አብረን እናነባለን። እናቱ በሁለተኛው ላይ የራሷን ፊርማ ጨምራበታለች፤ ወጥ ቤት ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።

የዛሬው ፊርማዬ ከድሮው በምን ይለያል? ምናልባት በአንድ ነገር ብቻ። የሚያርፈውን ቁጥር የማላምንበትን መስመር ለሚመለከተው ሰው በግልጽ አሳይቼ ነው የፈረምኩት። ለዚያ ልጅ አላሳየሁትም ነበር።

አንተ የግራ ተከላካዩ፣ ምናልባት ይሄን ከሚያነቡት አንዱ ትሆናለህ። ስምህን ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። የዚያን ቀን «ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለኸኝ ወጣህ። ምስጋናው አይገባኝም ነበር፤ ያለብኝ 300 ብር ሳይሆን የአምስት ወር እውነት ነው። እናትህ እንዴት ሆኑ? ካነበብከው በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ሌሎቻችሁም ልጅ ስፖርት ውስጥ ያላችሁ፣ ወይ ራሳችሁ ደመወዝ ተይዞባችሁ የተጫወታችሁ፣ ከታች ንገሩኝ። የክለብ ስም ሳትጠሩ። ሁሉንም አነባለሁ።

ሰላም ሁኑ።